የኋላው ወንበር

ኮሌጁ በየዓመቱ አንድ ተለማማጅ ይልክልኛል፤ እኔም በየዓመቱ አንዱን እያለቀሰ ሲወጣ አያለሁ። ሰላሳ አንድ ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምሬአለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከኮሌጅ መጥቶ የስድስት ዓመት ልጅን ዝም ማሰኘት የቻለ አንድም ሰው አልገጠመኝም። ባለ ከረባቱ መጥቷል፣ ባለ ጊታሩ መጥቷል፣ እጁ ላይ አሻንጉሊት አጥልቆ በቀጭን ድምፅ የሚያወራ ጎረምሳም መጥቷል። ሁሉም በሦስተኛው ቀን ድምፃቸው ተዘግቶ፣ ሱሪያቸው ጠመኔ በጠመኔ ሆኖ፣ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሙቅ ውሃ ሲለምኑ ይገኛሉ።

የዘንድሮው ባሰ። የእህቴ ልጅ ነው።

«የክፍል አያያዝ» የሚሉት ነገር ከመቶው አርባውን ይይዛል፤ አርባውን የምሰጠው ደግሞ እኔ ነኝ። ልጁ አምና ሌላ ትምህርት ቤት ተልኮ በዚሁ በክፍል አያያዝ ወድቋል። ዘንድሮም ከወደቀ ኮሌጁ ያሰናብተዋል። ይህን የነገረችኝ እህቴ ናት፤ በስልክ፣ ሦስት ጊዜ።

«እትዬ፣ አደራሽን» አለችኝ። «እጅሽ ላይ ነው ያለው።»

«እጄ ላይ ያለው ወረቀቱ ነው። ልጆቹን የሚይዘው እሱ ነው። ካቃተው ስፌትሽን አስተምሪውና ይረፍ።»

ዝም አለች። እህቴ እኔ ስናገር ዝም ትላለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት። እናታችን ስትሞት እሷ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች፣ እኔ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፤ መምህርነት ልማር ኮሌጅ የገባሁበት ዓመት ነበር። ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አንድም ቀን አላስቸገረችኝም። ጎረቤት ሁሉ ልጅቷ ቤት ውስጥ መኖሯ አይታወቅም ይል ነበር፤ እኔም ይህን እንደ ምስክር ወረቀት ይዤው ኖሬአለሁ።

ልጁ ሰኞ ጠዋት መጣ። ትከሻው ላይ ትልቅ ቦርሳ፣ ብብቱ ውስጥ የተጠቀለለ ባለ ቀለም ወረቀት። ረጅምና ቀጭን ነው፤ በር ሲያልፍ በሩን ራሱን ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል። በልቤ ሊቁ ብዬ ሰየምኩት። ሊቁ ቦርሳውን ፈታና አንድ ባዶ የማርመላታ ጠርሙስ፣ ከዚያም ከእናቱ ስፌት ቤት የመጣ አንድ ከረጢት ሙሉ የልብስ ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ማበረታቻ ነው፣ ቲቸር።» ትምህርት ቤት ውስጥ አክስቴ እንዳይለኝ አስጠንቅቄዋለሁ። «ክፍሉ ጸጥ ሲል አንድ ቁልፍ ጠርሙሱ ውስጥ እከታለሁ፣ ሲረብሹ አንድ አወጣለሁ። ጠርሙሱ ሲሞላ ሜዳ ወጥተን እንጫወታለን።»

«ሲሞላ» አልኩት። «ዕድሜ ይስጥህ።»

አርባ ስድስት ልጆች ናቸው። ሊቁ ፊታቸው ቆሞ ኮሌጅ ያስተማሩትን ጭብጨባ አጨበጨበ፤ ጠ-ጠ-ጠጠጠ። እነሱም መልሰው አጨበጨቡ። ደስ አላቸው። ድጋሚ አጨበጨቡ። እሱ እጁን ዘርግቶ «በቃ፣ በቃ» ሲል ዴስክ መደብደብ ጀመሩ። ማጨብጨቡን ያስተማሩት የኮሌጅ ምሁራን ማስቆሚያውን ሳይነግሩት ነው የላኩት፤ ምክንያቱም እነሱም አያውቁትም። እነሱ ልጅ የሚያውቁት በመጽሐፍ ላይ ነው፣ መጽሐፍ ደግሞ አይጮህም።

በሁለተኛው ቀን ጠበቃው ተነሳ። ጠበቃው የምለው ሁለት የፊት ጥርሶቹ የወለቁ፣ ለሁሉም ነገር ክርክር ያለው ልጅ ነው። «ቲቸር፣ ቅድም ያወጣኸው ቁልፍ በእኔ ወሬ ነው በእሱ?» ሊቁ ሞኝ አይደለም ወይ፣ ቆሞ መልስ ሰጠ። በማን ወሬ ስንት ቁልፍ እንደወጣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ተሟገቱ፤ የንባቡ ክፍለ ጊዜ እንዲሁ አለቀ። በሦስተኛው ቀን አንዱ ቁልፉን አፍንጫው ውስጥ ከተተው። ልጁ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሲያስነጥስ፣ ሊቁ ወረቀት ይዞ ሲንደፋደፍ፣ አርባ አምስቱ ዴስክ ላይ ወጥተው ሲያዩ ደረስኩ።

እኔ አልጮህም። ልጅ ላይ እጄን አንስቼ አላውቅም፤ የፈለገ ይመስክር። በሩ ላይ ቆምኩ፣ መነጽሬን ወደ አፍንጫዬ ጫፍ አወረድኩ፣ በዴስኮቹ መሀል ቀስ ብዬ አልፌ ኋላ ያለችው ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። በቃ። ዝንብ ብትበር ትሰማለች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

በኋላ ሊቁን ጠርቼ ምስጢሩን ነገርኩት፤ ለአክስትነቴ ስል እንጂ ለሌላ ተለማማጅ ተናግሬው አላውቅም። «መምህር ፊት ለፊት ከቆመ ልጆቹ ናቸው እሱን የሚያዩት። ኋላ ከተቀመጠ ግን እያያቸው ይሁን አይሁን አያውቁም። ስለዚህ ሁልጊዜ እያየሃቸው ነው ማለት ነው።»

«እንቅልፍስ ቢወስድዎት?» አለኝ።

«ወስዶኝ ያውቃል። ማንም አላወቀም።»

ከዚያ ከወንበሬ ፊት ያለችውን ልጅ አሳየሁት። ጭምቷ እላታለሁ። ትምህርት ከተከፈተ ስምንት ወር ሆኖታል፤ ድምጿን ሰምቼው አላውቅም። ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል እንጂ ቃል አይወጣም፤ በጽሑፍ ግን አንድም አትስት። በየዓመቱ ለሚመጣው ተለማማጅ ከክፍሉ አንድ ልጅ እመርጥና ልጅ ማለት እንዲህ ነው እላለሁ። የዘንድሮዋ እሷ ነበረች። ሊቁ ትንሽ ሲያያት ቆየና «አሟት ነው?» አለኝ። ደሜ ፈላ። ጤነኛ ልጅ ሲያይ የታመመች የምትመስለው ሰው ነው አስተማሪ ልሁን ብሎ የመጣው።

እሁድ እህቴ ስፌት ቤት ሄድኩ። ሁለት ማሽን የቆመባት፣ ግድግዳዋ ከዳር እስከ ዳር ምስማር የተመታባት ክፍል ናት። እንደገባሁ ሹራቤን አውልቄ ወንበሩ መደገፊያ ላይ ጣል አደረግኩት። ቡናማ ሹራብ ነው፤ ትልልቅ የእንጨት ቁልፎቹን የተከለችልኝ ራሷ ናት። ገና ሳልቀመጥ እህቴ ማሽኗን አቁማ ተነሳችና ሹራቡን አንስታ ምስማር ላይ ሰቀለችው። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ታደርጋለች፤ እሷ ቤት ወንበር ላይ ልብስ አያድርም። የሰፊ ልማድ ነው።

«ልጆቹ ይወዱታል?» አለችኝ ስለ ልጇ።

«ይወዱታል። ችግሩ እሱ ነው።»

«አንቺንስ?»

«እኔን ያከብሩኛል።»

መርፌው ላይ አጎንብሳ ክር አስገባች። «አዎ» አለች።

ደንቡ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ተለማማጁ ክፍሉን ብቻውን እንዲይዝ ያዛል። ይህን ደንብ ያወጣው ሰው መምህራን ማረፊያ ተቀምጦ ግድግዳ አልፎ የሚመጣውን ጩኸት ቢሰማ ደግ ነበር። ሰኞ ክፍሉን አስረክቤው ወጣሁ። እስከ ደወል ድረስ ወንበር ሲጎተት፣ ሲወድቅ፣ ሊቁ «እባካችሁ» ሲል ሰማሁ። እባካችሁ ይላል። እኔ ሻዬን እየጠጣሁ ከአርባው ስንት እንደምሰጠው አሰላሁ፤ አሥራ ሁለት ላይ ደረስኩ፣ እሱም ለእህቴ ስል ነው። የዚያን ዕለት ወደ ቤት ልሄድ ስል ሹራቤን አጣሁት። ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ መሳቢያ አገላበጥኩ፣ ማንጠልጠያው ላይ ፈለግኩ፣ በመጨረሻ የጽዳት ሠራተኛዋን በልቤ ጠረጠርኳት። ሴትዮዋ ከእኔ ጋር አሥር ዓመት ሠርታ አንዲት ጠመኔ እንኳ ወስዳ አታውቅም፤ እኔ ግን ሰው ለመጠርጠር ማስረጃ አልጠብቅም።

ማክሰኞ ጸጥታ ሆነ።

መጀመሪያ ሜዳ የወጡ መሰለኝ። ግድግዳው ላይ ጆሮዬን አስጠጋሁ። የሊቁ ድምፅ ይሰማል፤ ቀስ ብሎ፣ ተረጋግቶ፣ ያነባል። ረቡዕም እንደዚያው ሆነ። ደስ አለኝ ብል እዋሻለሁ። ሰላሳ አንድ ዓመት የፈጀብኝን ነገር ይህ በር የሚለማመጥ ልጅ በአንድ ቀን ሊያገኘው አይችልም።

ሐሙስ ሱፐርቫይዘሩ ከኮሌጅ መጣ። ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ስለ ሕፃናት ሥነ ልቦና ሲናገር ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነው። በሕይወቱ የአንድ ልጅ የጫማ ማሰሪያ አስሮ የሚያውቅ አይመስለኝም። በደንቡ መሠረት እሱ ሲገባ እኔ ውጭ ቀረሁ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ፊቱ በርቶ ወጣ።

«እንኳን ደስ ያለዎት» አለኝ፤ እኔ የወለድኩት ይመስል። «እንዲህ ያለ ክፍል አያያዝ አላየሁም። አንድም ጊዜ ድምፁን ከፍ አላደረገም። ልጆቹ ራሳቸውን በራሳቸው ነው የሚገዙት።»

«ራሳቸውን በራሳቸው» አልኩ።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ኋላ ያለው ወንበር ላይ ልቀመጥ ስል ልጆቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ዞረው አዩኝ። አንዲት ትንሽ ልጅ እጄን ይዛ ሳበችኝ። ጥርሱ የወለቀው ደግሞ ‹ሰው አለበት› አለኝ። እኔ ያየሁት ሹራብ ብቻ ነው።» ሳቀ። «ምናባቸው ሰፊ ነው፣ አይደል?»

እሱን እዚያው ትቼው ወደ በሩ ሄድኩ። በሩ መሀል ላይ በሰው ፊት ልክ የተሠራች፣ ወደ ውስጥ የምታሳይ መስታወት አለች።

ሹራቤ ወንበሬ ላይ ነበር። ጣል የተደረገ አይደለም፤ መደገፊያው ሹራቡን ለብሶ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ሁለቱ እጅጌዎች ዴስኩ ላይ ተዘርግተዋል፣ እኔ እጄን እንደማስቀምጠው። በእጅጌዎቹ መሀል የመነጽሬ ማኅደር አለ፤ መሳቢያዬ ውስጥ የነበረው አሮጌው። ሊቁ ሰሌዳው ላይ እየጻፈ ነበር። ጠበቃው ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ሹክ አለ። ሊቁ ዞረ፤ ምንም አልተናገረም። ዓይኑን ብቻ አንስቶ በልጆቹ ራስ ላይ አሳልፎ ኋላ ያለውን ወንበር አየ፣ ያዘነ ሰው መስሎ። ጠበቃው፣ ያ ለአንድ ቁልፍ ግማሽ ሰዓት የተሟገተው ልጅ፣ አንገቱን ቀብሮ እጁን አጣመረ። ያን ክርክሩን ሁሉ ዋጠው።

መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነበር፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። እንደ እኔ ያለውን መምህር በሹራብ ተካው፤ ሹራቡም ከእኔ እኩል ሠራ።

ደወሉ ተደወለ። ልጆቹ ሲወጡ ሌላ ጊዜ በሩ ላይ ይጋፋሉ። አሁን በወንበሩ በኩል ያሉት ሁሉ ግድግዳውን ተጠግተው በጎን እየሄዱ አለፉ፤ ሜዳው ላይ እስኪደርሱ ማንም አልሮጠም። እኔ ከበሩ ጀርባ ቆሜ ነበር፤ አላዩኝም። ሊቁ ሱፐርቫይዘሩን ሊሸኝ ወጣ። ክፍሉ ውስጥ አንዲት ልጅ ቀረች።

ጭምቷ ከዴስኳ ተነሳች። ወደ ወንበሩ ዞረች። አንደኛው እጅጌ ከዴስኩ ተንሸራቶ ወርዶ ነበር፤ በሁለት እጇ አንስታ ወደ ቦታው መለሰችው። ከዚያ ቀጥ ብላ ቆማ፣

«ዛሬ አላወራሁም» አለች።

ስምንት ወር ያልሰማሁት ድምፅ ይህ ነው። ወፍራም፣ ትንሽ የሻከረ፣ ከገላዋ የማይመጥን ድምፅ ነው። መልስ ጠበቀች። ሹራቡ አይመልስም። «ሰውዬው ሊቀመጥብሽ ሲል ያዝኩት» አለች ደግሞ።

ሳላስበው ክፍሉ ውስጥ አንድ እግሬን አስገባሁ። ዞራ አየችኝ። እኔን አየች፣ ወንበሩን አየች፣ መልሳ እኔን አየች። ሁለት ሆንኩባት። ፈገግ ልልላት ሞከርኩ፤ ፊቴ አልለመደም መሰለኝ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ለማን መናገር እንዳለባት ግራ ገባት፤ ከዚያ ወደ ሹራቡ ተመልሳ በጣም ቀስ ብላ «አላወራሁም» አለችና ግድግዳውን ተጠግታ ወጣች። ወደ እኔ አልመጣችም። ክፍሉ ውስጥ ካለነው ሁለታችን መርጣ የነገረችው ለሹራቡ ነው።

ሊቁ ተመልሶ ሲመጣ ኋላ ወንበሩ አጠገብ ቆሜ አገኘኝ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይህን ማን አስተማረህ?» አልኩት። «ኮሌጅ ነው እንዳትለኝ። እነሱ ይህን ያህል አያውቁም።»

ጠመኔውን በጣቶቹ አሸት አሸት አደረገ። «እማዬ ናት።»

«እማዬ ደግሞ ስለ ክፍል ምን ታውቃለች?»

«ሰኞ ከዚህ ስመለስ አልቅሼ ነበር።» ቲቸር ማለቱን ረሳው። «ሹራብሽ ወንበሩ ላይ መቅረቱንና ነገ እንደማደርስልሽ ስነግራት ስፌቷን አቆመች። ‹አታንሳው› አለችኝ። ‹ቆልፈው። እጅጌውን ዘርጋው› አለችኝ።» ዝቅ ብሎ ወለሉን አየ። «ኮሌጅ ስትሄጂ እማዬ ቤት ብቻዋን ትቀር ነበር። ሹራብሽን ወንበር አልብሰሽ ‹አያለሁ› ብለሻት ትወጫለሽ። እስክትመለሺ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። አንድ ቀን ሽንቷ መጥቶባት ሹራቡን ‹ልሂድ?› ብላ ጠየቀችው። ዝም ሲላት እዚያው...»

«በቃ» አልኩት።

ምንጣፉን አስታወስኩት። ውሃ ደፍቼ ነው ብላኝ ነበር። ሰላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ውሃ ነው ብዬ አምኜ ኖሬአለሁ፤ ደግሞም ባትናገር ኖሮ እንኳ አልጠይቃትም ነበር። ጎረቤቱ ልጅቷ መኖሯ አይታወቅም ሲል አንገቴን ቀና አድርጌ የምሄደው እኔ ነበርኩ። ስንቱን ተለማማጅ ስንቅ፣ ስንቱን ሊቅ ነኝ ባይ ከክፍሌ ሳባርር የኖርኩት በዚህ ነው፤ ሹራብ ለብሶ በተቀመጠ አንድ ወንበር።

ቅጹን ከመሳቢያ አውጥቼ እዚያው የልጆቹ ዴስክ ላይ አጎንብሼ ሞላሁት፤ ጉልበቴ አልገባ ብሎኝ በጎን ተቀመጥኩ። ሊቁ ቆሞ ያያል። ዕጣው እዚህች ወረቀት ላይ መሆኑን ያውቃል። አሥራ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። «ተለማማጁ ከአማካሪ መምህሩ የቀሰመውን በተግባር አውሏልን?» ይላል። ብጥለው የምጥለው በምን ነው? ያደረገው ሁሉ የእኔ ነው፤ ሹራቡ የእኔ፣ ወንበሩ የእኔ፣ ዝምታው የእኔ። «አዎ፣ ሙሉ በሙሉ» ብዬ ጻፍኩ። ከአርባ አርባ ሰጠሁትና ፈረምኩ።

ልጁ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው። ዓይኑ እንባ አቀረረ። አገላብጦ ሳመኝ። የማርመላታው ጠርሙስ መስኮቱ ደፍ ላይ ባዶውን ተቀምጦ ነበር፤ ቁልፎቹን መልሶ ከረጢታቸው ውስጥ ከቷቸዋል። ልወጣ ስል ትንሽ አፍሮ ጠራኝ።

«አክስቴ፣ ሹራቡን እስከሚቀጥለው ዓርብ ላቆየው?»

«በርዶኛል» አልኩት። ውጭ ፀሐይ ነበር። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ከወንበሩ ላይ ፈታሁ፤ አራት ናቸው። አልለበስኩትም። ጠቅልዬ ብብቴ ውስጥ ይዤው ወጣሁ።

በቀጥታ ስፌት ቤት ሄድኩ። እህቴ ከማሽኗ ቀና ብላ አየችኝ፣ ብብቴ ውስጥ ያለውን አየች።

«አለፈ» አልኳት። «ሙሉውን ሰጥቼዋለሁ።»

ራሷን ነቀነቀች። እግዚአብሔር ይስጥልኝ አላለችም። ማሽኗም አልተነሳም። ቁጭ ልል ፈልጌ ነበር፤ ሹራቡን የት እንደማደርገው አላወቅኩም፣ ወንበሩን እያየሁ ቆምኩ።

«ለምን ነገርሽው?» አልኳት። «ያን ሁሉ ዓመት ለእኔ ያልነገርሽኝን።»

የያዘችውን ክር በጥርሷ በጠሰችው። «ልጄ ነው፣ እትዬ። ሌላውን ሁሉ ሞክሮ አቃተው።» ተነሳች። «ይሄኛው እንደሚሠራ ደግሞ አውቃለሁ።»

ሹራቡን ከእጄ ወስዳ ምስማሩ ላይ ሰቀለችው።